ምዕራፍ ሰባት፦ የእንሰት የውኃ ቁጠባ

ተክል ከተተከለበት መሸሽ የማይችል ፍጥረት በመሆኑ፣ ድርቅም ሆነ ሙቀት ሲመጣበት ያለው ምርጫ በቆመበት ሆኖ አኗኗሩን ማስተካከል ብቻ ነው። ከብት ሣር ወዳለበት ይነዳል፤ ሰውም ክፉ ዓመት ሲገጥመው ዘመድ ወዳለበት ወይም ሥራ ወደሚገኝበት ይሄዳል፤ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በአንጋጫ ወይም በዶዮገና ጓሮ የቆመ እንሰት ግን ክረምቱ ካባራ በኋላ እስከ በልግ፣ በልጉም ቢቀር እስከ ቀጣዩ ክረምት ድረስ በዚያው አፈር ላይ መሰንበት አለበት። በበጋው መጨረሻ በእነዚህ ከተሞች ዙሪያ የሚያልፍ ሰው ማሳው ገርጥቶና ሣሩ ደርቆ ሳለ የእንሰቱ ጓሮ አረንጓዴ ሆኖ ይመለከታል። ይህ አረንጓዴነት ከየት እንደሚመጣና የአየር ንብረቱ እየሞቀ ሲሄድ እስከ ምን ድረስ ሊዘልቅ እንደሚችል ማወቅ፣ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በእንሰት ላይ ተመሥርቶ ለሚኖርባት አገር ትልቅ ጉዳይ ነው።

በምዕራፍ አራት የአካባቢው ዝናብ በበልግና በክረምት እንደሚመጣና ከሁለቱ የበለጠ የሚዋዥቀው በልጉ እንደሆነ ተገልጿል፤ በምዕራፍ ስድስት ደግሞ አፈር የወረደለትን ውኃ እንዴት እንደሚይዝና እንደሚያጣ ታይቷል። ይህ ምዕራፍ ከዚያ ይቀጥልና፣ አፈር የያዘው ውኃ በሥር በኩል ተክሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን ይመረምራል። ምዕራፉ የሚያጠነጥነው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ ይኸውም ተክል ድርቅንና ሙቀትን የሚያልፈው እንደ አንድ ቤተሰብ ገቢውን፣ ወጪውንና ቁጠባውን አስተካክሎ በመያዝ ነው የሚል ነው። ሥር የሚስበው ውኃ ገቢ ነው፤ በቅጠል የሚተነው ወጪ ነው፤ በአካሉ ውስጥ የሚቀመጠው ደግሞ ቁጠባ ነው። አባወራው ለመስቀል በሬ መግዣ ገንዘብ፣ እማወራዋም ቅቤ ጥቂት በጥቂት በሚያጠራቅሙበት አገር ይህን ሒሳብ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። እንሰትን ከጎረቤቶቹ ሰብሎች የሚለየው የገቢው መብዛት ሳይሆን የቁጠባው መጠን ነው፤ ሙቀት እየጨመረ ሲሄድ ለአደጋ የሚጋለጠውም ይኸው ቁጠባ ነው።

ወጪው የሚወጣበት ቀዳዳ

የማንኛውም ቅጠል ገጽ በዓይን በማይታዩ እጅግ ብዙ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ስቶማታ የሚሏቸው እነዚህ ቀዳዳዎች፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ከአየር ወደ ቅጠሉ የሚገባባቸው መንገዶች ናቸው፤ ተክሉም ይህን ጋዝ ከውኃ ጋር አዋሕዶ በፀሐይ ብርሃን ኃይል ስኳር ይሠራል። ይህ ሂደት በትምህርት ቤት መጻሕፍት ብርሃን አስተጻምሮ ይባላል። ይሁን እንጂ ጋዙን ለማስገባት የተከፈተ ቀዳዳ በዚያው ቅጽበት የቅጠሉን እርጥበት ወደ ውጭ ያስወጣል፤ አንዱን አስገብቶ ሌላውን የሚያስቀር ቀዳዳ በዕፅዋት ዓለም አልተገኘም። በዚህ ምክንያት ሥር ከሚስበው ውኃ ከመቶ 95 እጅ በላይ የሚሆነው በቅጠል በኩል ተኖ ይጠፋል፣ ተክሉ ለአካሉ መሥሪያ የሚያስቀረውም ከዚያ የተረፈውን ጥቂት ብቻ ነው። ተክል ምግቡን የሚገዛው በውኃ ነው ማለት ይቻላል፤ ዋጋውም ውድ ነው።

እያንዳንዱን ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ የከበቡት ሁለት ሕዋሳት ውኃ ሲጠግቡ ይወጠሩና ቀዳዳውን ይከፍቱታል፤ ውኃ ሲጎድላቸው ይላላሉና ይዘጉታል። ከዚህም ሌላ አፈሩ መድረቅ ሲጀምር ተክሉ አብሲሲክ አሲድ የተባለ ሆርሞን፣ ማለትም ከአንዱ የአካል ክፍል ወደ ሌላው መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር፣ በብዛት ይሠራል፤ ይህ ሆርሞን ቅጠሉ ገና ሳይጠወልግ ቀዳዳዎቹ እንዲጠብቡ ያዛል። ገቢ መቀነሱን አስቀድሞ የሰማ ቤተሰብ ወጪውን ወዲያው እንደሚገታው መሆኑ ነው።

ወጪን መግታት ግን ያለ ዋጋ አይገኝም። ቀዳዳው ሲዘጋ ጋዙ አይገባም፣ ስኳርም አይሠራም፤ ስለዚህ ተክሉ በሕይወት ይቆያል እንጂ አያድግም። ሁለተኛው ዋጋ ሙቀት ነው። ውኃ ከቅጠል ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚወጣ ትነት ቅጠሉን ያቀዘቅዘዋል፤ ትነቱ ሲቆም በቀጥታ ፀሐይ ላይ ያለ ቅጠል ከአካባቢው አየር በላይ ይሞቃል። ሙቀቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ የሕዋሱን ሥራ የሚያካሂዱ ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ማጣት ይጀምራሉ፤ ተክሉም እነዚህን የሚደግፉና የሚያቀኑ ሌሎች ፕሮቲኖችን በአስቸኳይ ለመሥራት ይገደዳል። ለዕድገት ይውል የነበረ ጉልበት በዚህ ጊዜ ለጥገና ይውላል። ድርቅና ሙቀት አብረው ሲመጡ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከሚያደርሱት ድምር በላይ የሚጎዱት በዚህ ምክንያት ነው፤ ድርቁ ቀዳዳው እንዲዘጋ ያስገድዳል፣ ሙቀቱ ደግሞ እንዲከፈት ይጠይቃል።

ሙቀት ኑሮውን ያስወድደዋል

የአየር ንብረት ለውጥ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው የዝናብ ማነስን ነው። ዝናቡ ሳይቀንስ እንኳ ሙቀት ብቻውን ድርቅ ሊያመጣ እንደሚችል ግን ያን ያህል አይታወቅም። አየር በሞቀ ቁጥር የመጠጣት አቅሙ ይጨምራል፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር አየር ሊይዘው የሚችለው የውኃ ተን በመቶ 7 ያህል ከፍ ይላል። በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 17 ግራም ያህል ተን ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ ግን ወደ 30 ግራም ይደርሳል። አየሩ ይህን አቅሙን የሚሞላው ከወንዝ፣ ከአፈርና ከቅጠል እየወሰደ ነው። ደመወዙ ሳይነካበት የገበያው ዋጋ የናረበት ቤተሰብ ወሩን መድረስ እንደሚያቅተው ሁሉ፣ የወትሮውን ዝናብ ያገኘ ተክልም በሞቀ አየር ውስጥ ያንኑ ስኳር ለመሥራት ከቀድሞው የበለጠ ውኃ ይከፍላል።

የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ በ1.3 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። ይህን ቁጥር ወደሚጨበጥ ነገር ለመለወጥ የተራራውን ሕግ ማስታወስ ይበቃል፦ ወደ ላይ 100 ሜትር በተወጣ ቁጥር አየሩ በአማካይ በ0.6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ 1.3 ዲግሪ መሞቅ አንድን ቦታ በሙቀቱ ረገድ 200 ሜትር ያህል ቁልቁል ከማውረድ ጋር ይተካከላል። የአገሪቱ አማካይ ለሆሳዕና ይሠራል ቢባል፣ በ2,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ከተማ ዛሬ የምታገኘው ሙቀት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. 2,000 ሜትር ላይ ይገኝ የነበረው ነው ማለት ነው። ከሆሳዕና ወደ ምሥራቅ ወደ ሻሾጎና ወደ ባደዋቾ፣ ወደ ቢላቴ ወንዝ አቅጣጫ ሲወረድ መሬቱ እየዘቀጠ ስለሚሄድ፣ በሙቀቱም በዝናቡም ጠርዝ ላይ የነበሩት ቀበሌዎች ከሁሉ አስቀድመው ይህን ለውጥ ይቀምሱታል።

በዚህ ላይ ገቢውም ቀንሷል። የአየር ንብረት አጥኚዎች እንዳረጋገጡት ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ በደቡባዊ ኢትዮጵያ ክፍሎች የበልግና የክረምት ዝናብ ከመቶ 15 እስከ 20 ያህል ቀንሷል። ዋጋ ንሮ ገቢ ሲያንስ ቤተሰብን የሚያተርፈው ቀድሞ ያስቀመጠው ነው፤ ተክልንም እንዲሁ።

በቆሎ፣ ወይንና እንሰት

ሦስት ተክሎች ጎን ለጎን ቢታዩ የሒሳብ አያያዛቸው ልዩነት ይጎላል። በቆሎ ቁጠባ የሌለው ተክል ነው፤ ያገኘውን ወዲያው ለዕድገት ያውለዋል፣ ሕይወቱም በጥቂት ወራት ያልቃል። ዝናብ ሲኖር ከሦስቱ ፈጣኑ እሱ ነው። ነገር ግን አበባው በሚወጣበትና ፍሬው በሚያዝበት ጥቂት ሳምንት ውስጥ ውኃ ካጣ የዓመቱ ምርት ይጠፋል፤ በኋላ የሚመጣ ዝናብም የጠፋውን ፍሬ አይመልሰውም።

ወይን ሌላ መንገድ ይከተላል። ሥሩ ብዙ ሜትር ጠልቆ ስለሚወርድ ሌሎች የማይደርሱበትን ውኃ ይስባል፤ በወጪ አያያዝም ዝርያዎቹ የተለያየ ጠባይ አላቸው። ግሬናሽ የተባለው ዝርያ አፈሩ ገና ሲደርቅ ቀዳዳዎቹን ቀድሞ የሚዘጋ ጥንቁቅ ነው፤ ሲራ የተባለው ደግሞ ድርቁ እየበረታ እንኳ ከፍቶ መሥራቱን ይቀጥላል፣ አደጋውንም ይቀበላል። አደጋው ቀላል አይደለም፤ ውኃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣው ዛይለም በሚባሉ ጠባብ ቱቦዎች ውስጥ እየተሳበ ስለሆነ፣ መሳቡ ከመጠን ሲያልፍ የውኃው ዐምድ ይበጠስና ቱቦው በአየር ይሞላል፤ በአየር የተሞላ ቱቦ ውኃ አያሳልፍም። የወይን ገበሬዎች የሙቀትን መጨመር በመዝገባቸው አይተውታል። በፈረንሳይ በቦን ከተማ የወይን ለቀማ የሚጀመርበት ቀን ከ1354 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመዝግቦ ይገኛል፤ እስከ 1987 ድረስ ለቀማው በአማካይ ሴፕቴምበር 28 ላይ ይጀመር ነበር፣ ከ1988 ወዲህ ግን በ13 ቀን ያህል ቀድሟል። በአገራችን ካስቴል የተባለው ኩባንያ በባቱ፣ ማለትም በዝዋይ፣ ባቋቋመው እርሻ ከሲራ ጀምሮ የተለያዩ ዝርያዎችን ተክሎ በ2014 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የወይን ጠጅ ለገበያ አቅርቧል። በዚያ ዝናቡ አነስተኛ በሆነ የስምጥ ሸለቆ ሜዳ ወይኑ የሚያድገው በመስኖ ነው፤ ገቢው በሰው እጅ ይሞላለታል።

የሀዲያና የከምባታ እንሰት መስኖ የለውም፤ ሥሩም የወይንን ያህል አይጠልቅም፣ አብዛኛው በላይኛው የአፈር ክፍል ውስጥ ይሰራጫል። ቅጠሉ ደግሞ ከአገሪቱ ሰብሎች ሁሉ ሰፊ ነው፤ አንዱ ቅጠል እስከ 5 ሜትር ሊረዝምና እስከ አንድ ሜትር ሊሰፋ ይችላል። ጥልቅ ያልሆነ ሥርና ሰፊ ቅጠል ያለው ተክል በደረቅ ወቅት ከሁሉ ቀድሞ መጠውለግ የነበረበት ይመስላል። ይህ የማይሆንበት ምክንያት በግንዱ ውስጥ አለ።

ቁጠባው የሚቀመጥበት

የእንሰት ግንድ የሚባለው በእውነቱ እንጨት አይደለም። የቅጠሎቹ የታችኛው ክፍል እንደ ሰገባ አንዱ አንዱን እየጠቀለለ ተደራርቦ የሠራው ነው፤ ከዚህ በታች፣ ከግማሽ በላይ በአፈር ውስጥ ተቀብሮ፣ አሚቾ የሚባለው ወፍራም ክፍል ይገኛል። የሰገባዎቹ ክብደት አብዛኛው ውኃ ነው። በውስጣቸው ቃጫ የሚገኝበት ጠንካራ ክርና በክሮቹ መካከል ውኃ የሚያቁሩ ለስላሳ ሕዋሳት አሉ፤ ግንዱ ሲቆረጥ ፈሳሽ የሚወርደው ከዚህ የተነሳ ነው። ለብዙ ዓመት ያደገ እንሰት በዚህ መልኩ በራሱ ውስጥ ተሸክሞት የሚቆመው ውኃ፣ አፈሩ ደርቆ ገቢው በተቋረጠባቸው ሳምንታት ከግንዱ ወደ ቅጠሉ እየተላከ እምብርቱን፣ ማለትም አዲስ ቅጠል የሚወጣበትን የመሐል ክፍል፣ በሕይወት ያቆያል። የሙዝና የእንሰት ወገን የሆኑ ተክሎች በድርቅ ጊዜ ቀዳዳዎቻቸውን ቀደም ብለው በመዝጋት የአካላቸውን ውኃ ይጠብቃሉ፤ ከቆጣቢ ሌላ ምን ይጠበቃል?

ወጪ መቀነሱም በቅጠል መርገፍ ይታገዛል። ድርቁ ሲራዘም የውጪዎቹ አሮጌ ቅጠሎች ቀድመው ይደርቁና ግንዱን ከብበው ይንጠለጠላሉ፤ የሚተነፍሰው ገጽ በዚህ ያንሳል፣ የደረቀው ሽፋንም ግንዱን ከፀሐይ ይጋርዳል። አላዋቂ ተመልካች ተክሉ እየሞተ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ተክሉ ግን ሊቀር የሚችለውን ወጪ እየቀነሰ ዋናውን ቁጠባ እየጠበቀ ነው። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቦይ መሳዩ የቅጠሉ መሐል ጅማት የወረደውን ውኃ ወደ ግንዱ ስለሚመራው ትንሽ ካፊያ እንኳ ተሰብስቦ በሥሩ ዙሪያ ይወርዳል።

ከውኃው ጋር የሚቀመጠው ሌላ ሀብት ስታርች ነው፤ ይህም ስኳር ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ ተደርጎ የተቀመጠበት መልክ ነው። እንሰት በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ እስከዚያ ድረስ ያጠራቀመውን ስታርች በሙሉ ለአበባና ለፍሬ አውሎ ይሞታል። ሰው የሚጠቀመው ተክሉ ለዚያ አንድ ቀን ያዘጋጀውን ነው፤ እማወራዎች ከአበባው መውጣት በፊት ወይም አበባው ብቅ ሲል የሚቆርጡትም ስታርቹ በአበባው ከመበላቱ በፊት እንዲደርሱበት ነው። ከሰገባው ተፍቆ ከአሚቾው ጋር የሚብላላው ቆጮ፣ ከፈሳሹ የሚዘቅጠው ነጭ ቡላ፣ በሀዲያ ለመስቀል የሚቀርበው ቡላና ቅቤ የተዋሐዱበት አታካና፣ እነዚህ ሁሉ የበርካታ ዓመት የተክል ቁጠባ ናቸው። በቆሎ የአንድ ወቅት ዝናብ ውጤት ነው፤ ቆጮ ግን የአራት፣ የአምስት ወይም የሰባት ዓመት ዝናብ አማካይ ነው፣ ከእነዚህ ዓመታት አንዱ ቢከፋ ሌላው ይሞላዋል። የእንሰት ብርታት ከምንም በላይ በዚህ ላይ ይመሠረታል።

ከአንድ ተክል ወደ ሙሉ ጓሮ

እስካሁን የተነገረው ስለ አንድ ተክል ነው። የሀዲያና የከምባታ ገበሬዎች ትልቁ ጥበብ ግን አንዱን ተክል ከሌሎቹ ጋር ባቆሙበት ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። ለማራባት የሁለት እስከ አራት ዓመት አሚቾ እምብርቱ ተፍቆ ወጥቶ ይቀበራል፤ ከእሱ በርካታ ችግኞች ያቆጠቁጣሉ። ችግኞቹ አንድ ላይ ከተተከሉ በኋላ እያደጉ ሲሄዱ ከአንዴ በላይ እየተነቀሉ በየጊዜው እየሰፋ በሚሄድ ርቀት ይዛወራሉ። ከዚህ የተነሳ በደህና ጓሮ ውስጥ የአንድ፣ የሁለት፣ የሦስትና ከዚያ በላይ ዓመት ዕድሜ ያላቸው እንሰቶች በአንድ ጊዜ ይገኛሉ፤ በየዓመቱ ለመቆረጥ የደረሰ ይኖራል፣ የሚተካውም ከኋላው ይከተላል። ከ250 እስከ 375 ሜትር ካሬ በሆነ ቦታ ላይ የቆሙ ከ40 እስከ 60 የሚሆኑ እንሰቶች አምስት ወይም ስድስት ሰው ያለበትን ቤተሰብ ለአንድ ዓመት ሊመግቡ እንደሚችሉ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ከተቆረጠ በኋላም ቁጠባው አያበቃም፤ በኮባ በተለበጠ ጉድጓድ የተቀበረ ቆጮ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል።

ጓሮውን የሚመግበው ፍግ ነው። ከብቱ በበጋ የእንሰት ቅጠል ይበላል፣ ፍጉ ወደ እንሰቱ ይመለሳል፤ በምዕራፍ ስድስት እንደታየው ፍግ የበዛበት አፈር ውኃ የመያዝ አቅሙ ስለሚጨምር የተክሉ ገቢ ይረጋል። በዶዮገና ተዳፋት ላይ እርከን ተሠርቶ በእርከኑ ላይ ዴሾ ሣር የሚተከለው አፈሩን ለመያዝ ብቻ አይደለም፤ ሣሩ ለከብት መኖ ይሆናል፣ መኖው ፍግ ይሆናል፣ ፍጉም እንሰቱን ያቆማል፤ የእንሰቱ ቅጠልም ያለጊዜው ከመቆረጥ ይድናል። ቅጠሉ ያለ ልክ ለመኖና ለገበያ የሚቆረጥ እንሰት ስኳር የሚሠራበትን ገጽ ስለሚያጣ የሚያጠራቅመው ይቀንሳል፤ ስለዚህ አንድ መስመር ዴሾ ሣር ከተክሉ ርቆ ቢተከልም ለቁጠባው ይሠራል።

ይህ ሥርዓት በክፉ ዓመታት ተፈትኗል። በ1977 ዓ.ም. ሰሜኑን ያደቀቀው ረሃብ እንሰት በስፋት በሚመረትባቸው የደቡብ ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች ያንን መልክ አልያዘም፤ ለዚህም ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ በየጓሮው የቆመው የእንሰት ክምችት ነው። በ2000 ዓ.ም. ግን የበልጉ ዝናብ ሲቀር በሀዲያ፣ በከምባታና በወላይታ ብዙ ሕፃናት ለከባድ የምግብ እጥረት ተዳረጉ፤ ዘግይቶ በመጣው ዝናብ ማሳው ለምልሞ ሳለ በቤት ውስጥ የሚበላ በመጥፋቱ ጊዜው አረንጓዴ ረሃብ ተባለ። የአካባቢው ሰው ከአዝመራ እስከ አዝመራ የሚሻገርበት ስኳር ድንች በድርቁ ጠፍቶ ነበር። እንሰት ባለበት አገር ረሃብ እንዴት ሊገባ ቻለ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱም በቁጠባው ሒሳብ ውስጥ ይገኛል። መሬት በውርስ እየተከፋፈለ ጓሮው ሲጠብ፣ ከብት ሲያንስና ፍግ ሲጠፋ፣ ቤተሰቡ የሦስት ዓመቱን ሲጨርስ ወደ ሁለት ዓመቱ ይሻገራል። ያልደረሰ እንሰት የሚሰጠው ቆጮ እጅግ ጥቂት ነው፤ አንድ የደረሰ ተክል ይሸፍን የነበረውን ቀን ለመሸፈን ብዙ ለጋ ተክሎች ይወድቃሉ። ጓሮው ከሩቅ ሲታይ አሁንም አረንጓዴ ነው፤ ቁጠባው ግን ተበልቷል። እንሰት ድርቅን ይቋቋማል የሚለው የተለመደ አነጋገር እውነት የሚሆነው የደረሰ እንሰት በጓሮው ሲኖር ብቻ ነው፤ ይህ ገደብ ሳይጠቀስ የሚነገረው ሙገሳ ፖሊሲ አውጪዎችን ሊያዘናጋ የሚችል ነው።

ቁጠባውን የሚያሰጉ ነገሮች

እንሰት በደንብ የሚለማው ከ2,000 እስከ 2,750 ሜትር ባለው ከፍታ ነው፤ ከዚያ በታችም በላይም ይበቅላል፣ ነገር ግን በላይ ውርጭ፣ በታች ሙቀትና የውኃ እጥረት ይገድቡታል። አየሩ ሲሞቅ ይህ ቀበቶ ወደ ላይ ይገፋል። በከምባታ ያለው የሀምበሪቾ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚደርስ በግርጌውና በወገቡ ላሉ ቀበሌዎች መሞቁ ውርጭን በመቀነስ ለጊዜው ሊጠቅማቸው ይችላል፤ ከታች ላሉት ግን ወጪው ከገቢው የሚበልጥባቸው ወራት ይረዝማሉ። ወደ ላይ የሚሰደድ ቀበቶ ደግሞ ከላይ ባዶ መሬት አይጠብቀውም፤ ተራራ ወደ ጫፉ ሲሄድ ይጠባል፣ ተይዞ ያላለቀ መሬትም ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ሥጋት አጠውልግ የሚባለው በሽታ ነው። ሳይንቲስቱ ዳኛቸው ይርጉ ከተመራማሪው ብራድበሪ ጋር በ1968 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያሳወቁት ይህ በሽታ ዛንቶሞናስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን፣ ባክቴሪያው ውኃ በሚተላለፍባቸው ቱቦዎች ውስጥ ተባዝቶ ስለሚዘጋቸው ተክሉ በእርጥብ አፈር ላይ ቆሞ በጥማት ይሞታል። ከሌሎች ጉዳቶች የከፋ የሚያደርገው የስድስት ዓመትን ቁጠባ በጥቂት ሳምንት ማጥፋቱ ነው። ከተክል ወደ ተክል የሚያሻግረው በዋናነት የሰው ቢላ ነው፤ ስለዚህ የታመመውን የነካ ቢላ በእሳት ሳይለበለብ ጤነኛውን አለመቁረጥ፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበርና ከብት እንዲበላው አለመፍቀድ እስካሁን ከተገኙት መከላከያዎች ሁሉ አስተማማኞቹ ናቸው። ድርቅና በሽታ በአንድ ዓመት ሲገናኙ ደግሞ የቸገረው ቤተሰብ ችግኝ ከየትም ስለሚገዛ በሽታው አብሮ ይጓዛል።

ለዚህ ሁሉ ተስፋ የሚሰጠው የዝርያው ብዛት ነው። በሀዲያ ብቻ ከ50 በላይ በስም የተለዩ የእንሰት ዓይነቶች ተመዝግበዋል፤ ሲስቄላ፣ ጊሺራና ጊምቦ የሚባሉት ከሚታወቁት መካከል ናቸው። አንዱ ቶሎ ይደርሳል፣ ሌላው ቃጫው ይበረታል፣ ሌላው አሚቾው ተቀቅሎ ይጣፍጣል፤ በወላይታ የታወቀው ማዚያ ደግሞ አጠውልግን ከሌሎቹ በተሻለ እንደሚቋቋም በምርምር ተረጋግጧል። እንሰት ከዘር ሳይሆን ከአሚቾ እየተከፈለ ስለሚራባ የአንድ ዓይነት ተክሎች በባሕርያቸው አንድ ናቸው፤ ስለዚህ በአንድ ጓሮ ውስጥ ብዙ ዓይነት ማኖር አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲተርፍ ያደርጋል። ይህን ልዩነት ለይተው የሚያውቁትና የሚጠብቁት በአብዛኛው እማወራዎች ሲሆኑ፣ በሆሳዕና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ፣ በወላይታ የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከልና የየወረዳው የግብርና ባለሙያዎች ዕውቀታቸውን ሊቀስሙ የሚገባቸውም ከእነሱ ነው።

በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት እንሰት በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ ለእርሻ ቢስፋፋ ከ100 ሚሊዮን በላይ ለሆነ ተጨማሪ ሕዝብ ምግብ ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። ዓለም በእንሰት ላይ ተስፋ ማድረግ በጀመረበት ሰዓት እንሰትን ያላመዱት ጓሮዎች በለጋ ተክል መሞላታቸው ሊቆጨን ይገባል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የተተከለውን ችግኝ ቁጥር ከመቁጠር ባለፈ በየጓሮው ስንት የደረሰ፣ ስንት ያልደረሰ እንሰት እንዳለ በዕድሜ ለይተው ቢመዘግቡ፣ የሚቀጥለው የበልግ ዝናብ ከመቅረቱ በፊት የትኛው ቀበሌ ቁጠባውን እንደጨረሰ ማወቅ ይቻላል፤ ለዚያ ቀበሌም እህል ቀድሞ ቢደርስለት ቤተሰቡ ለጋውን እንሰት ከመቁረጥ ይድናል። በሆሳዕና ከፍታ ዘንድሮ የሚተከል ችግኝ ለመቆረጥ የሚደርሰው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት በኋላ ነው።